ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ፋቁት!

አገራችን ውስጥ በዓል መድረሱን የሚነግሩን ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የበግ ጩኸት፣ የሽንኩርት ዋጋ እና የቀለም ሽታ። ስለ በጉም ስለ ሽንኩርቱም ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ ስለ ሦስተኛው ልነጫነጭ ነው። እሱንም ስለ አዲስ አበባ ሳይሆን ስለ ባሌ፣ ስለ ጎባና ሮቤ፣ ስለ ጣውላ ግድግዳዎቻቸውና በየበዓሉ በላያቸው ላይ ስለሚደረበው ቀለም። «ስንት አገራዊ ጉዳይ እያለ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሱኝ። ጣውላው ውስጥ ደንም አለ፣ አዋጅም አለ፣ የልጆች ጤናም አለ።

ጎባን የማታውቁ ካላችሁ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፣ በክፍለ ሀገሩ ዘመን የባሌ ዋና ከተማ እሷ ነበረች። ዛሬ ቢሮውም ሹመቱም ወደ ሮቤ አድልቷል፤ ለጎባ ብርዱና ትዝታው ቀርቶላታል (የጎባ ልጆች አትቆጡኝ፣ ሆስፒታሉም አለ)። ደን አጠገብ የበቀለች ከተማ ስለሆነች ድሮ ቤት ለሚሠራ ሰው ጣውላ ብርቅ አልነበረም። ስለዚህ በቆዩት ሰፈሮች የሱቁ ፊት ሳንቃ ነው፣ በረንዳው ጣውላ ነው፣ መስኮቱና መዝጊያው እንጨት ነው። ግድግዳው ራሱ ከላይ እስከ ታች ጣውላ የሆነ ቤትም አለ።

ወደ አንዱ ጠጋ በሉና የተነሳውን ቅርፊት በጥፍራችሁ ቆንጠር አድርጉት። በእጃችሁ የሚቀረው ቀለም አይደለም፣ ኬክ ነው። ከላይ የዘንድሮው አለ፣ ከሱ ሥር የአምና፣ ከሱ ሥር ባለቤቱ የማያስታውሰው አረንጓዴ፣ ከሱ ሥር አባቱ የቀባው ቢጫ። አንዳንዱ ቅርፊት ውፍረቱ ሳንቲም ያህላል። እንጨቱ ግን አይታይም። እንጨቱን ያየ ሰው የለም፤ ምናልባት ከሠራው አናጺ በኋላ ማንም አላየውም።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። በዚህ ሁኔታ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ከመጨመር ይልቅ የተደረበውን መፋቅ ይሻላል። ፍቆ ሳይቀቡ መተው እንኳ ሳይፍቁ ከመቀባት የሚሻልበት ጊዜ አለ። ምክንያቴን ልዘርዝር።

የዘይት ቀለም አዲስ ሲሆን ይለጠጣል፤ እያደር ግን ይደርቃል፣ ይደነድናል፣ ይሰባበራል። እንጨት ደግሞ እስትንፋስ ያለው ይመስል በዝናብ ይነፋል፣ በፀሐይ ይኮማተራል። አንድና ሁለት ድርብ ቀለም ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ ይሆናል፤ አሥር ድርብ ግን አይንቀሳቀስም፣ ይሰነጠቃል። ያ የአዞ ቆዳ የሚመስለው ስንጥቅ እሱ ነው። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ በሚስማሩ ቀዳዳና በጣውላው ጫፍም ይገባል። የገባው ውሃ ለመውጣት ሲሞክር ግን ፊት ለፊቱ ወፍራም የቀለም ግንብ ያገኛል። ግማሹ ቀለሙን እየገፋ ያሳብጠዋል፣ ግማሹ እዚያው ተቀምጦ እንጨቱን ያበሰብሳል። እኛ «ጣውላው አረጀ» እንላለን። አላረጀም፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ እንዲኖር ፈርደንበት ነው።

ባሌ ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። አንደኛ ፀሐዩ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጎባ ላይ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ከሩብ በላይ የበረታ ጨረር አለ ማለት ነው። ብርዱ አያታላችሁ፣ ፀሐዩ ቀለሙንም እንጨቱንም ይበላል። ሁለተኛ ዝናቡ። ባሌ ሁለት ዝናብ አላት። የሲናናና የጎባ ገበሬ «ገና» እና «ቦና» ብሎ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል (ይሄኛው ገና በግ የሚታረድበት አይደለም፣ በመጋቢት ግድም የሚዘራበት ወቅት ነው)። ለገበሬው ጸጋ ነው። ለጣውላው ግን ደርቆ የሚያርፍበት ጊዜ አጭር ነው ማለት ነው፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ገደማ።

እኛስ መቼ ነው የምንቀባው? ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል! ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ጣውላ ላይ፣ ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን፣ ሁለት የዝናብ ቀናት መካከል ፀሐይ ብልጭ ስትል እንለቀልቃለን። ውጭ የሚቀባ እንጨት በውስጡ ያለው እርጥበት ከ15 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል ይላሉ ባለሙያዎች። የጳጉሜን ጣውላ እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርስም። ከዚያ ጥር ላይ ቀለሙ ሲላቀቅ ቀቢውን እንሰድባለን፣ ከቀቢው ቀጥለን የቀለም ፋብሪካውን እንሰድባለን። ሁለቱም ምንም አላጠፉም፤ ያጠፋው የቀን መቁጠሪያው ነው።

ታዲያ ለምን አይፋቅም? ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሒሳቡ ነው። ቀቢ የሚከፈለው በካሬ ነው፤ የቀባው ካሬ ይቆጠራል፣ የፋቀው አይቆጠርም። አንድ ካሬ በደንብ ለመፋቅ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል፣ ለመቀባት ግን ደቂቃዎች ይበቃሉ። ታዲያ የትኛው ቀቢ ነው በነጻ የሚፍቅላችሁ? የሽቦ ብሩሽ ሁለት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ያደርግና «ጨርሻለሁ» ይላል። እኔም ብሆን እንደዚያው ነው የማደርገው።

ከሒሳቡ ጀርባ ደግሞ የባለቤትነት ታሪክ አለ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። የከተሞቻችን ብዙ አሮጌ ቤት የቀበሌ ቤት የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ተከራዩ ቤቱ የሱ ስላልሆነ አይጠግንም፤ ቀበሌው ደግሞ በዚያ ኪራይ የሚጠግንበት ገንዘብ የለውም። ቀለም ግን ርካሽ ነው፣ በዓል ሲመጣ ፊቱን ማሳመር ይቻላል። እንዲህ ሲባል ከ50 ዓመት በላይ ሆነ። አሁን የምንቆነጥረው ቅርፊት የዚያ ሁሉ ዓመት ድምር ነው። (ከአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ይልቅ ይሄን ቅርፊት ማንበብ ይቀላል።)

«ይበስብስ! አዲስ ጣውላ ይገዛል» የሚል ካለ፣ የት ነው የሚገዛው? በዚያን ጊዜ የተሠራበት ጣውላ ጽድና ዝግባ ነው። ጽድን የባሌ ሰው ሂንዴሳ ይለዋል፣ ዝግባን ቢርቢርሳ። ጽድ በቶሎ አይበሰብስም፣ ሽታው እንኳ ነፍሳትን ያርቃል፤ ለአጥር እንጨት ከሱ የሚስተካከል ጥቂት ነው። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ሰፊ ጣውላ የሚወጣው ዛፍ የአያቶቻችን እኩያ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በስም ጠቅሶ ከልክሏል። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የባሌና የቦረና ደን ለሳምንታት ነደደ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ እሳት ለማጥፋት ዘመቱ። የቀረውን ለማዳን ስንት ተለፋ፤ መስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ ሁላችንም ፎቶ ለጠፍን።

እንግዲህ አስቡት። ደን ውስጥ ያለው ጽድ እንዳይቆረጥ እንከራከራለን፤ ከ60 ዓመት በፊት የተቆረጠው ጽድ ግን ጎባ ላይ በቀለም ሥር ታፍኖ ሲበሰብስ ዝም እንላለን። ሲበሰብስ የሚተካው ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ተመትቶ በዓመቱ የሚጣመመውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወይ ደግሞ ቆርቆሮ።

እሺ፣ እንፋቅ። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ፤ ዝም ብሎ መፋቅ አለመፋቅን የሚያስመኝበት ጉዳይ አለ። እርሳስ። የእስክሪብቶው እርሳስ አይደለም፣ ብረቱ እርሳስ። የድሮ የዘይት ቀለም፣ በተለይ ቢጫው፣ ቀዩና አረንጓዴው፣ ደምቆ እንዲቆይና ቶሎ እንዲደርቅ እርሳስ ይጨመርበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለልጅ አደጋ የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። አእምሮ ይጎዳል፣ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም። አሜሪካኖች ለመኖሪያ ቤት ቀለም የከለከሉት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ነው። እኛ ጋ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ ያወጣው በ2018፣ እንደነሱው አቆጣጠር ነው። አርባ ዓመት ልዩነት። በነዚያ አርባ ዓመታት የተደረበው ቀለም አሁን ያለው የት ነው? ግድግዳው ላይ።

ስለዚህ አሮጌ ቀለም እርሳስ አለበት ብላችሁ ተነሱ፤ ከሌለበት አልከሰራችሁም። አደጋው ግድግዳው ላይ ሳለ ትንሽ ነው፤ አቧራ ሲሆን ነው የሚብሰው። ሥራው የሚሰጠው ደግሞ ለማን ነው? ለቀን ሠራተኛ፣ ብዙ ጊዜ የአሥራ ስምንትና የሃያ ዓመት ልጅ፣ አፉ ላይ ሻርፕ አስሮ። ማታ በዚያው ልብስ ቤቱ ገብቶ ታናሽ እህቱን ያቅፋል።

አራት ነገሮችን በፍጹም አታድርጉ፣ አትፍቀዱም። ግራይንደር ላይ ብርጭቆ ወረቀት አስሮ ደረቅ ቀለም መፈግፈግ አንዱ ነው። ፈጣን ነው፣ ደስ ይላል፣ መንደሩን ሙሉ አቧራ ያለብሳል። ሁለተኛው በጋዝ እሳት እየለበለቡ መላጥ ነው። እርሳሱ ወደ ጭስ ይለወጣል፤ በዚያ ላይ አሮጌ ጣውላና የዘይት ቀለም እሳት እንዴት እንደሚወዱ ለመናገር ነብይ መሆን አያስፈልግም። ጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ያያችሁ፣ ያ ሁሉ ዘመን የኖረ እንጨት ምን ያህል ደቂቃ እንደሚበቃው ታስታውሳላችሁ። ሦስተኛው የላቫጆ ውሃ ነው። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ቀለሙን ያነሳል፣ እውነት ነው፤ ግን የእንጨቱን ሥጋም አብሮ ይገሽራል፣ ውሃውንም ከጣውላው ጀርባ ያስገባዋል፣ የቀለሙንም ስብርባሪ ጎረቤት ጎመን ላይ ይበትነዋል። አራተኛው የተቃጠለ የሞተር ዘይት መለቅለቅ ነው። «ምስጥ አያስገባም» ይባላል። ጎባ ከፍታ ላይ ዋናው ጠላት ምስጥ ሳይሆን ውሃ ነው። የተቃጠለ ዘይት የተቀባ እንጨት ከዚያ በኋላ ቀለም አይዝም፣ ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል፣ ልጅ የተደገፈበት ሁሉ ይጠቁራል።

ካስቲክ ሶዳስ? ይሠራል። የዘይት ቀለምን ወደ ሳሙና ዓይነት ነገር ለውጦ ያነሳዋል። ለተጠረበ መቃንና ለተቀረጸ በረንዳ ከመፋቂያ ይሻላል። ግን ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳ ይበላል፣ እንጨቱንም ያጠቁራል። በአሉሚኒየም ባሊ ከበጠበጣችሁት ባሊውን እየበላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ የፕላስቲክ ባሊ ተጠቀሙ። ከጨረሳችሁ በኋላ በብዙ ውሃ፣ ከዚያ ውሃ በተቀላቀለ አቼቶ እጠቡት፤ አለበለዚያ አዲሱ ቀለም አይዝም። እኔ ቢጠይቁኝ ለሰፊ ግድግዳ አልመክረውም።

የሚሻለው አሰልቺው መንገድ ነው። መጀመሪያ ፈትሹ፦ በቢላ ቀለሙ ላይ የመስቀል ምልክት ጫሩ፣ ስኮች ለጥፋችሁ ሳብ አድርጉ። ቀለሙ ከስኮቹ ጋር ከመጣ እዚያ ላይ የሚቀባ ነገር ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ካልመጣ ተዉት፣ የያዘውን ቀለም መፋቅ ግዴታ አይደለም (ይሄ ብዙ ገንዘብ ያድናል)። ከዚያ ግድግዳው ሥር ፕላስቲክ ሸራ አንጥፉ፣ ልጆችን አርቁ፣ የሚፋቀውን ቦታ በአበባ ማጠጫ ወይም በመርጫ ርጥብ አድርጉ፤ ርጥብ ቀለም አቧራ አይሆንም። በስለታም መፋቂያ ወይም ስፓቱላ፣ በእንጨቱ መስመር እየተከተላችሁ ፋቁ። ጫፍ ጫፉን በውሃ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ሻርፕ የአቧራ ጭንብል አይደለም፤ ትክክለኛውን ጭንብል ገዝታችሁ ስጡት። ልብሱን እዚያው ቀይሮ፣ ታጥቦ ይሂድ። ከዚያ ጥቂት ደረቅ ቀናት ይጠብቅ፤ ግን ራቁቱን ሳምንታት አታቆዩት፣ ፀሐይ ያገኘው እንጨት ፊቱ ግራጫ ይሆንና ቀለም መያዝ ያቆማል።

ሲፋቅ ምን እንደሚወጣ ላየ ሰው ሌላው ነገር ሁሉ ክርክር አያስፈልገውም። ከዚያ ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ ሥር ቀላ ያለ፣ መስመሩ የጠበቀ ጽድ ይወጣል። ስትፍቁት እስካሁን ይሸታል።

ታዲያ ይሄን መልሶ በወፍራም ቀለም ማፈን ለምን? ስዊድኖች የእንጨት ቤቶቻቸውን የሚቀቡበት ቀይ አለ፤ ፋሉን ከሚባል የመዳብ ማዕድን ቦታ የሚወጣ ቀይ አፈር፣ በውሃ፣ በእህል ዱቄትና በተልባ ዘይት ተቀቅሎ የሚሠራ። የሱ ጥቅም መላጥ አለማወቁ ነው። እንደ ኖራ ቀስ እያለ ይረግፋል፣ በብሩሽ ጠረግ ተደርጎ እንደገና ይቀባል፤ መቶ ዓመት ሙሉ እንደ ኬክ አይደረብም። ተልባ ሲባል ደግሞ የአርሲና የባሌ ደጋ ልጅ ጆሮው መቆም አለበት። ደጃችን የሚበቅል ነገር ነው፤ እኛ ለሆድ እንበጠብጠዋለን፣ ሌላው ዓለም ቤቱን ይቀባበታል። ተአምር ነው አልልም፤ በጎባ ብርድ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ ወፍራም ከተቀባ ይጣበቃል፣ ሻጋታም ይወደዋል። በስሱ፣ በጨርቅ እየታሸ፣ ጥርና የካቲት ላይ ከሆነ ግን ያምራል፣ ውሃንም በመጠኑ ይከላከላል። (የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት፤ በራሱ ሞቆ እሳት ያነሳል። ዘርግታችሁ አድርቁት።)

«ለድሃ ቤት ይሄ ሁሉ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። መፋቅ ውድ ነው። ግን በየዓመቱ ለሚላጥ ቀለም የሚወጣው ገንዘብ ርካሽ የሚመስለን ተደምሮ ስለማናየው ነው። አንድ ግድግዳ ዘንድሮ፣ ሌላው ለከርሞ ቢፋቅ በአራት ዓመት ቤቱ ያልቃል። በየዓመቱ ሙሉውን ከመለቅለቅ አይበልጥም።

የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ደርሷል። ከሱ ጋር «በዚህ ቀን ድረስ ፊታችሁን ቀቡ» የሚለው ትዕዛዝም ይመጣል። ለከተማ አስተዳዳሪዎች የምለው፣ ትዕዛዙ ካልቀረ ቀኑ ይቀየር። ጳጉሜን ሳይሆን ጥር ይሁን። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሥራ ፈላጊ ወጣትም አለ። ለቀቢው በካሬ ሲከፈል የመፋቂያው ካሬ ለብቻ ይቆጠርለት። ጣውላ ፊት ያለውን ቤት ከብሎኬቱ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ልበሱ አትበሉት፤ ፍቆ ዘይት የቀባ ሰው ትዕዛዙን እንደፈጸመ ይቆጠርለት። ጭንብልና መርጫ ደግሞ ቀበሌው ገዝቶ በተራ ቢያውስ ዋጋው ከአንድ ባነር አይበልጥም።

ለሚፍቁት ደግሞ የመጨረሻ ነገር። ሸራው ላይ የተጠራቀመውን ቅርፊት ለምድጃ ማቀጣጠያ አታድርጉት፣ ሲነድ ጥሩ ይነዳል፣ ጭሱ ግን ያው እርሳስ ነው። ጓሮም አትቅበሩት። በማዳበሪያ ከረጢት አስራችሁ፣ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ ጽፋችሁ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ ሰብሳቢ ስጡት። «ይሄን ምን ላድርገው?» ካላችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ላኩት፤ እነሱም ይጠይቁበት።